ውጤት አምስት

እህቴ የሠራችው ማሽን የአክስታችንን ልጅ አሳልፎ እህቴን ጣላት። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ነው። ጠዋት ገና ፊታችንን ሳንታጠብ አክስቴ ከፊት ለፊታችን ካለው ትልቁ ቤቷ ኬክ በሳህን ላከችልን፤ "ኢንጂነሬ አለፈልኝ፣ እናንተም ደስ ይበላችሁ" የሚል መልእክት አብሮት መጣ። ኬኩ ላይ በቸኮሌት የተሠራ ላፕቶፕ ነበረ መሰለኝ፣ ለእኛ የደረሰን ከኪቦርዱ በኩል ነው። እናቴ ሳህኑን ተቀብላ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ጠረጴዛውን የእህቴ ሽቦና ብሎን ከወረሱት ቆይተዋል። እህቴ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍና ስልኳን ታያለች። ስልኳ ላይ ሰባት መስመር አለ፤ ስድስቱ አረንጓዴ ናቸው፣ አንዷ ቀይ። ቀይዋ "ውጤት አምስት፦ በቡድን ተባብሮ መሥራት" ትላለች። ከትናንት ማታ ጀምሮ ቀይዋን እየነካካች ትደበድባታለች፤ ብትደበደብ አረንጓዴ የምትሆን ይመስል።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ አሁን ፀጉር ቤት ውስጥ የሰው ፀጉር አጥባለሁ፣ በዚያ ቀን ደግሞ ተረኛ አልነበርኩም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ። በኮምፒውተር ምህንድስና ክፍል እንደ ድሮው ከመቶ ይህን ያህል አገኘሽ ተብሎ አይታለፍም። አንድ ልጅ ተመርቆ ሲወጣ መቻል ያለበትን ነገር ሰባት አድርገው ጽፈውታል። ማሽን መንደፍ አንዱ ነው፣ ሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት ሌላው፣ ሥነ ምግባር ራሱ ተቆጥሯል። ከሰባቱ በአንዱ የወደቀ በሁሉም ወደቀ ማለት ነው፤ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን በሚመጣው ዓመት ከሌላ ሰው ጋር እንደ አዲስ ይጀምረዋል። እህቴን ደግሞ አንድ ፓምፕ የሚሸጥ ድርጅት "ዘንድሮ ከተመረቅሽ ነይ፣ ካልተመረቅሽ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን" ብሏታል። ያቺ ቀይ መስመር እንግዲህ ሥራዋን ይዛባት ልትሄድ ነው።

ማሽኑ የጫማ ካርቶን የሚያክል ሣጥን ነው። ውሃ ታንከር አናት ላይ ይቀመጥና ውሃው የት እንደደረሰ ይለካል፤ ሲሞላ ፓምፑን ያጠፋል፣ ሲጎድል ያበራል። ስትሞክረው በበርሜል ውሃ የማፈሰው እኔ ነበርኩ። "ጨምሪ፣ አቁሚ፣ ጨምሪ" ትለኛለች፤ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ይርሳል። ሽቦ ለመንካት እጄን ከሰደድኩ ግን "አትንኪው!" ብላ ትጮኻለች፣ ሕፃን ልጇን የምሰርቃት ይመስል። ጉንዳን ብዬ የምጠራት ለዚህ ነው፤ ከራሷ የሚበልጠውን ሁሉ ብቻዋን ካልተሸከመች አይሆንላትም። እሷ እኔን ምላሶ ትለኛለች። ለምን እንደሆነ እስካሁን ገብቷችኋል።

የአክስቴ ልጅ ገና አንደኛ ዓመት እያለ ነው "ኢንጂነር" የተባለው፤ ስያሜውን ያወጣችው እናቱ ናት። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲያጣምር እሱና ጉንዳን አንድ ላይ ደረሳቸው። አክስቴ "ዘመድ ከዘመድ ጋር ሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ምን አለ!" ብላ ነበር። ኢንጂነር ማሽኑ ላይ ያሳረፈው አሻራ ቢኖር አንድ ብሎን ጥሎ ከአልጋ ሥር ስንፈልግ ማምሸታችን ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ እፎይ ብዬ እጠላው ነበር።

እናቴ የትልቁን ቤት ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፤ እኛም ከጓሮ ባለችው አንድ ክፍል እንኖራለን። ከትልቁ ቤት ሳቅና ሙዚቃ በመስኮት ሲገባ እናቴ መስኮቱን ዘጋችው። የምትተኩሰውን ሸሚዝ ገለበጠች፣ እንደገና ገለበጠችው። የኢንጂነር ሸሚዝ ነው፣ ለማታው ግብዣ።

"ልትሄጂ ነው?" አለቻት ጉንዳንን።

"ልጠይቃቸው እንጂ። አንድ ማሽን እንዴት እሱን አሳልፎ እኔን ይጥላል?"

"ጠይቂ፣ ማን ከለከለሽ። ስለ ልጁ ግን አንዲት ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። እትዬ ከሰማች..." አለችና አልጨረሰችውም። ቀና ብላ ጣሪያውን አየችው፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ በሩን። ሦስቱም የአክስቴ ናቸው። ጉንዳን ሽቦዎቿን ሰብስባ ሣጥኑን ከደነች። እኔም ኪቦርዱን በላሁ፤ ኬክ ምን አደረገ?

እናቴ የማሽኑን ባትሪ ለእኔ አሸከመችኝ፣ "አንቺ ደግሞ አፍሽን ዝጊ" የሚል ምርቃት ጨምራ። ባትሪው የመኪና ባይሆንም የመኪና ያህል ይከብዳል። ታክሲ ውስጥ ጉንዳን ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አቀፈችው፤ ረዳቱ ግን ሣጥኑ ወንበር ነው የያዘው ብሎ የሰው ሂሳብ ጠየቀ። ታሪፉ በዚያው ሳምንት እጥፍ ሆኗል፣ የሁለት ሰው ስንከፍል ራሱ ዓይናችን ፈጥጦ ነው።

"ሣጥኑ ምኑ ነው የሰው?" አልኩት።

"አቅፋው የለ እንዴ! የሚታቀፍ ነገር ይከፍላል።"

"አንተን የሚያቅፍህ ስለሌለ ነው በነፃ የምትሳፈረው?"

ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ ረዳቱም ሳቀና ተወን። ጉንዳን ብቻ አልሳቀችም። በመስኮት እያየች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትናገረውን እያጠናች ነው። ስንወርድ ሣጥኑን ልያዝልሽ አልኳት። "ተይው፣ እኔ እይዘዋለሁ" አለችኝ። ሁሌም እንደዚህ ነው የምትለው።

ትምህርት ክፍሉ ያለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ አዲስ ቀለም ይሸታል፤ ከሰው ቁመት በታች ያለው ተቀብቷል፣ ከዚያ በላይ ያለው አሮጌ እንደሆነ ቀርቷል። ሰኞ ከሌላ አገር ሳይቀር ገምጋሚዎች ይመጣሉ አሉ፤ ትምህርቱ የሚባለውን ውጤት ያመጣል ወይስ አያመጣም ብለው የሚያዩ። ሰባቱም ውጤቶች በትላልቅ ሸራ ታትመው በግድግዳው ላይ በተራ ተሰቅለዋል። አምስተኛው ሸራ ላይ አራት ወጣቶች አንድ ላፕቶፕ ከበው ይስቃሉ። በሕይወቴ አንድ ላፕቶፕ ለአራት ከበው የሚስቁ ሰዎች አይቼ አላውቅም፤ ይጣላሉ እንጂ። ከሸራው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ በር ይከፈታል፣ "ትንሽ ታገሡ" ይባላል፣ ይዘጋል። ትንሿ ትልቅ ሆነች። ምሳ ሰዓት አለፈ። ደረጃው ላይ ሄደን ዳቦና ሙዝ በላን፣ ማለቴ እኔ በላሁ። ጉንዳን የሙዙን ልጣጭ እየላጠች በቀጫጭኑ ሰነጣጠቀችው፤ ሙዙን ለእኔ ሰጠችኝ።

ከምሳ በኋላ ያስገባን መምህር ተማሪዎቹ "ሚዛን" የሚሉት ነው። ያልመዘነው ነገር የለም ይባላል። ጠረጴዛው ላይ ከወረቀቱ ብዛት የተነሣ የሻይ ብርጭቆው ኮምፒውተሩ አናት ላይ ነው የተቀመጠው። ዓይኑ ቀልቷል፤ እሱም እንደ እኛ ሌሊቱን ያልተኛ ይመስላል። ጉንዳን ያጠናችውን ጀመረች።

"መምህር፣ ማሽኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"እሱማ ይታወቃል" አለ። "ችግሩም እሱ ነው።"

ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረው። ሁለቱ ጓደኛሞች አንዱ ስለ ሌላው እንዲሞሉ የተሰጣቸው ምዘና ነው። ኢንጂነር ስለ ጉንዳን ሞልቷል፦ ሥራ ታካፍላለች ወይ? ከአምስት አንድ። የሌላውን ሐሳብ ትሰማለች ወይ? አንድ። ጓደኛዋ እንዲማር ዕድል ትሰጣለች ወይ? አንድ። ጉንዳን ደግሞ ስለ ኢንጂነር ሞልታለች፦ አምስት፣ አምስት፣ አምስት።

"እሱ እኮ ምንም አልሠራም!" አልኩ እኔ። ጉንዳን እግሬን ረገጠችኝ።

"ይቺ ማናት?"

"ታናሽ እህቴ ናት፣ መምህር።"

"ባትሪ ተሸካሚ ነኝ" አልኩ። ሚዛን ባትሪውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ሳቁን ዋጠው።

"ምንም ካልሠራ ለምን አምስት ሰጠሽው?" አላት።

ምን ትበለው? የአክስቴ ልጅ ነው፣ የምንተኛው እነሱ ጓሮ ነው፣ እናቴ የእሱን ሸሚዝ እየተኮሰች ነው ትበለው? ጣቷን ከጣቷ እያፋተገች ቆየችና "ዘመዴ ነው፣ ምን ልስጠው? ይሉኝታ ይዞኝ ነው" አለች።

"ይሉኝታ መመዘኛው ውስጥ የለም" አለ ሚዛን። ድምፁ ላይ ክፋት የለውም፤ ደክሞታል። "ስሚኝ የኔ ልጅ። አምስቱ እውነት ነው ካልሽኝ፣ አብሮሽ የለፋ ልጅ ነው አንድ የሰጠሽ፤ ውጤት አምስት ቀይ ሆኖ ይቀራል። ውሸት ነው ካልሽኝ፣ የሐሰት ምዘና ሞልተሻል፤ እሱ ደግሞ ውጤት ስድስት ነው፣ ሥነ ምግባር። ያኔ ሁለት ቀይ ይኖርሻል። የቱን ልጻፍ?"

እኔ ተቃጠልኩ። ሰውየው የዘጋባትን በር እያሳያት በየትኛው ትገቢያለሽ ይላታል። አፌን ልከፍት ስል ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት። ኢንጂነር መጀመሪያ ሰሞን ይመጣ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ነበር የሚመጣው፤ አልጋችን ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይቀልዳል፣ ብሎን መፍቻ ያነሣል፣ ጉንዳን "ቆይ እኔ ልጨርሰው" ብላ ትቀበለዋለች። "ይሄ ምንድን ነው?" ይላታል፤ "በኋላ አስረዳሃለሁ" ትለዋለች። በኋላው አልመጣም። ያቺን ብሎን የጣላት ቀን "እባክህ አትንካብኝ" አለችው፤ ከዚያ ወዲያ ከማሽኑ ርቆ ተቀመጠ፣ ከዚያ በሩ ጋ፣ ከዚያ ቀረ። ልጁ የሞላው እውነቱን ነው። የዋሸችው እህቴ ናት። ይህን ማወቄ አናደደኝ፤ አንድ ሰው ላይ ሙሉ በሙሉ ለመናደድ እንኳ አልተመቸኝም።

ሚዛን ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና ሰዓቱን አየ። ገምጋሚዎቹ የወደቀ ተማሪ ሁሉ ሁለተኛ ዕድል ማግኘቱን ማየት ይፈልጋሉ፤ ውጤት ደግሞ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። "ጓደኛሽን ጥሪው" አላት። "ማሽኑን ፈታትቼ እሰጣችኋለሁ። ላብራቶሪው ውስጥ ያለው በርሜል ላይ ትገጥሙታላችሁ። እሱ በእጁ ይሠራል፣ አንቺ በቃል ታሠሪዋለሽ። እጅሽ ማሽኑን ከነካ አበቃ። መመሪያ ትሰጫለሽ፤ ካልገባው ትደግሚለታለሽ። ከዚያ በላይ መጨቅጨቅ ግን ሥራ መንጠቅ ነው፣ ያስቀንሳል። ገባሽ?"

"ማሽኑን ካልነካሁ እንዴት..." አለች።

"አየሽ?" አለ ሚዛን።

ስንደውልለት ኢንጂነርን ፀጉር አስተካካይ ቤት ነው ያገኘነው። "መጣሁ" አለና መጣ፤ እኔ አይመጣም ብዬ ተወራርጄ ነበር። ግማሹ ጢሙ ተላጭቷል፣ ግማሹ እንዳለ ነው፤ አንገቱ ላይ የተበጠሰ ፀጉር ተለጥፏል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ነው የወጣው።

"አንቺ ደግሞ ትወድቂያለሽ ብዬ መቼ አሰብኩ!" አላት እያለከለከ። "በሁሉም አምስት ነው የምታገኘው፣ አንዷ ብትጎድል ምን ትሆናለች ብዬ እኮ ነው። ጥያቄው ደግሞ ሥራ ታካፍላለች ወይ ነው የሚለው። ታካፍያለሽ እንዴ? ንገሪኛ!"

"ግማሽ ሰው ነው የመጣልን" አልኩት ጢሙን እያየሁ።

"ምላሶ፣ ግማሽም ቢሆን መጥቻለሁ። የላጨኝ ሰውዬ ገንዘቤን ሙሉ ነው የተቀበለኝ።"

ጉንዳን ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር። አልሳቀችም። "አመሰግናለሁ" አለችው፣ ቀና ሳትል።

ላብራቶሪው ረጅም ክፍል ነው፤ ወንበሮቹ ሁሉ አንድ ወገን ተደርድረው ወለሉ ታጥቧል፣ ለሰኞ መሆኑ ነው። መሐል ላይ ውሃ የሞላ ሰማያዊ በርሜል ተቀምጧል። ሚዛን እኔን በር ላይ አስቁሞ "ትንፍሽ ካልሽ ፈተናው ይሰረዛል" አለኝ። ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ጉንዳንም ተቀመጠች፤ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው። እኔ የማውቃት እህቴ እጅ የሌላት ሰው ሆነች።

መጀመሪያ ላይ ማየት ያማል። ኢንጂነር መለኪያዋን ገልብጦ ይይዛታል፣ ብሎን ይጥላል፣ ብሎኑን ፍለጋ ይንበረከካል። ጉንዳን በየብሎኑ ትርገፈገፋለች፤ ትከሻዋ ወደ ፊት ይሄድና ይመለሳል። "ዓይኗን ወደ ውሃው አድርጋት። አዎ። አሁን እዚያ ያለውን ቀዳዳ ፈልግ" ትለዋለች፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል። "ለምንድን ነው ወደ ታች የምታየው?" አላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን "በኋላ" ነበር መልሱ። አሁን በኋላ የሚባል ነገር የለም፤ ነገረችው። መለኪያዋ ድምፅ ወደ ውሃው ትልካለች፣ ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ጊዜውን ትለካለች፣ ውሃው ሲጨምር ጊዜው ያጥራል። ኢንጂነር አፉን ከፍቶ ሰማት። በርሜሉን አየ፣ መለኪያዋን አየ፣ ከዚያ "አሃ! ለዚህ ነው ለካ ዜሮው ከላይ የሚጀምረው! እኔ እኮ ቁጥሩ ተገልብጦብሽ መስሎኝ ነበር" አለ። የበርሜሉን ቁመት በራሱ ለካ፣ ከሣጥኑ ጋር የተገናኘው ላፕቶፕ ላይ በራሱ አስገባ፣ ቁጥሩ ትክክል ሆነ። ፊቱ በራ። የጉንዳን ፊትም በራ፤ እኔ ነኝ ያየሁት፣ ውሸት የለበትም። ሚዛን ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። ለአንድ አፍታ ያ ሸራ ላይ የሚስቁትን ሰዎች መሰሉኝ፤ እንዲህ ነበር ለካ መሆን የነበረበት ብዬ ይበልጥ ተናደድኩ። አንድ ዓመት ሙሉ የት ነበራችሁ?

የቀረው ባትሪው ብቻ ነው። ከሣጥኑ ሁለት ሽቦ ይወጣል፣ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ማሽኑ ሊያልቅ ሲል ቀይ ሽቦ ስላለቀባት ወደ ሱቅ የላከችው እኔን ነበር። ባለሱቁ "ቀይ የለም፣ ከፈለግሽ ጥቁር" አለኝ፤ ዋጋውም ረከስ ያለ ስለነበር ጥቁሩን አመጣሁላት። "ምንም አይደል፣ እኔ አውቀዋለሁ" አለችና ረጅም ሽቦ ለሚፈልገው ፕላስ ጥቁሩን ቀጠለች፣ አጭር ለሚበቃው ማይነስ የተረፈ ቁራጭ ቀይ። የትም አልጻፈችውም፣ ምልክት አላደረገችበትም። ለማን ብላ? ከእሷ ሌላ የሚነካው የለም።

"ጥቁሩን ፕላስ ላይ አድርገው" አለችው።

ኢንጂነር ሳቀ። "ቀይ ፕላስ፣ ጥቁር ማይነስ! ይቺን እንኳ ተይልኝ፤ ከተማርኩት ሁሉ የያዝኳት እሷን ነው።"

"የእኔ ላይ ይለያል። ጥቁሩን ፕላስ ላይ" አለች ደግማ፣ ግልጽ አድርጋ።

ሚዛን ምልክት አደረገ። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጮኸ፤ ኃላፊው ናቸው መሰለኝ፣ "አዎ፣ እየዘጋሁት ነው፣ የቀረችኝ አንዲት ተማሪ ናት" እያለ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኢንጂነር "እሺ እሺ፣ ገባኝ" አለ። ይህን እሺታ አውቀዋለሁ፤ ቤት ውስጥ እናቱ ስታወራው የሚለው እሺ ነው፣ ጆሮው ውስጥ የገባ ነገር የለም። ገና በቁጥሩ ደስታ ላይ ነው ያለው። ቀዩን ሽቦ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፕላሱ ወሰደው። ጉንዳን እጁን አየች። ከዚያ ሚዛንን አየችው፣ ከዚያ ወረቀቱን። አፏ ተከፈተና ተዘጋ። ጭኗ ሥር ያሉት እጆቿ ሲንቀሳቀሱ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። እኔም በሩ ላይ ምላሴን በጥርሴ ነክሼ ቆምኩ፤ ትንፍሽ ካልኩ ይሰረዛል ተብያለሁ።

ጥቁሩንም ማይነሱ ላይ ሲያደርግ ሣጥኑ ጨሰ። ብዙ አይደለም፤ ቀጭን ጭስ ከሣጥኑ ክዳን ሥር ብቅ አለና ጠፋ። ሽታው ግን ክፍሉን ሞላው፤ ፀጉር ቤት ማሽን ተቃጥሎ ፀጉር ሲያነድ የሚሸተው ዓይነት። ላፕቶፑ ላይ ያለው ቁጥር ቆመ። ኢንጂነር ሽቦውን ለቆ ወደ ኋላ ዘለለ። "ምን አደረግኩ? ምን ነካሁ?" ይላል፣ ግማሽ ጢሙ ይንቀጠቀጣል። ጉንዳን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

ሚዛን ስልኩን ዘግቶ መጣ፤ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ። "ቦርዱ ሄዷል" አለ። "ያሳዝናል። ጥሩ ማሽን ነበር።" ከዚያ ወረቀቱን አነበበላት። "ግልጽ መመሪያ ሰጥታለች። ስትጠየቅ አስረድታለች። ጓደኛዋ በራሱ እንዲሠራ ዕድል ሰጥታለች። ሳይገባው ሲቀር ደግማለታለች። ሥራ አልነጠቀችም። አራት ከአምስት።"

"ማሽኑስ?" አልኩ እኔ። አሁን ብናገር ምን ይመጣል?

"ማሽኑ ውጤት አንድ ነው፤ እሱ ቀድሞ ተመዝኖ ተዘግቷል። ዛሬ የተመዘነችው እሷ ናት።" እዚያው ቆሞ ስልኩ ላይ ጫን አደረገ። የጉንዳን ስልክ ኪሷ ውስጥ ጮኸ። አውጥታ አየችው፤ ሰባቱም አረንጓዴ ናቸው። ሚዛን እጁን ዘረጋላት። እጇን ከጭኗ ሥር አውጥታ ጨበጠችው፤ የወንበሩ ጣውላ መዳፏ ላይ ቀይ መስመር ሠርቷል። "እንኳን ደስ አለሽ" አላት። ከልቡ ነው። "አመሰግናለሁ፣ መምህር" አለችው።

ኮሪደሩ ላይ ኢንጂነር ሣጥኑን ሊያይ አልደፈረም። ሊያለቅስ ደርሷል። "ቀይ ፕላስ አይደለም እንዴ?" አላት።

"ነው" አለችው። "አንተ ልክ ነህ።"

"ታዲያ ለምን ተቃጠለ?"

"ቀይ ሽቦ አልቆብኝ ነበር።"

ምንም አልገባውም፤ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ልያዝልሽ?" አላት ሣጥኑን እያመለከተ። እኔ እንደ ልማዷ "ተወው" ትለዋለች ብዬ ስጠብቅ ሰጠችው። ዝም ብላ ሰጠችው፣ የሰው ዕቃ የመለሰች ይመስል። እሱም እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፎ በጥንቃቄ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጠ ወረደ። ከታች ሆኖ "ማታ ትመጣላችሁ አይደል? አሁን እኮ ግብዣው የሁለታችን ነው!" ብሎ ጮኸልን። ድምፁ ባዶው ደረጃ ላይ ተስተጋባ።

እኔና ጉንዳን ደረጃው አናት ላይ ቀረን። እንዲህ ሲሆን እንኳን ደስ አለሽ ይባላል፤ ከእኔ አፍ ግን አልወጣም። ንዴቴን ማን ላይ እንደማፈሰው አጣሁ። ሚዛን ላይ እንዳላፈሰው ሰውየው ያለውን አድርጓል፤ ኢንጂነር ላይ እንዳላፈሰው ያ ፊቱ። የቀረችው እሷ ናት።

"ቀዩን ሲያነሣ አይተሻል" አልኳት።

"አይቻለሁ።"

"አፍሽን ከፍተሽ ነበር። አንድ ቃል ነበር የቀረሽ። ለምን ሦስተኛ አልነገርሽውም?"

ከታች የኢንጂነር እርምጃ አሁንም ይሰማል፤ አንድ ደረጃ፣ አንድ ደረጃ።

"ሦስተኛው ያስቀንሳል" አለችኝ። ይህን ያለችኝ በዚያው በፈተናው ድምፅ ነው፤ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ።